ደመወዟ የኛ፣ ቦርሳዋ የለጋሽ

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለወረዳ ጤና ባለሙያዎች፣ ለቀበሌ አመራሮችና ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ ተናጋሪ መሆን ዕድለኝነት አይደለም። ግማሻችሁ ዓይናችሁ እየከበደ እንደሆነ ከዚህ ይታየኛል። ስለዚህ ሰላምታ ሳላበዛ ወደ ነገሬ ልግባ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ዘላቂ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ኃይል መገንባት» ይላል። ለፕሮጀክት ወረቀት ጥሩ ርዕስ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ወደ ቀበሌ ላውርደው። የዛሬ አሥር ዓመት ጤና ኬላውን ስታንኳኩ፣ ከፍታ «ግቡ» የምትል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትኖራለች ወይ? ካለችስ፣ እጇ ላይ መድኃኒት ይኖራል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በራሳችን በጀት የያዝነው ነገር እስካሁን ዘልቋል። ለለጋሽ ገንዘብና ለሴቶች ነጻ ጉልበት የተውነው ግን ወይ ቆሟል፣ ወይ እየተንገዳገደ ነው።

ይህን ፈተና ቀድሞም አይተነዋል። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ 1978፣ በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት ከተማ አልማ አታ ላይ ዓለም ተሰብስቦ «ጤና ለሁሉም» አለ። የኛም መንግሥት የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎችን አሠለጠነ፣ የልምድ አዋላጆችን አሠለጠነ። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለው ታስታውሷቸዋላችሁ። የጤና ወኪሉ የገበሬ ማኅበሩ አባል ነው። አጭር ሥልጠና ይወስዳል፣ ጥቂት መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ወደ መንደሩ ይመለሳል። መንግሥት ግን ደመወዝ አይቆርጥለትም። የሱ ነገር ለገበሬ ማኅበሩ የተተወ ነበር። ሰውየው ደግሞ አርሶ አደር ነው። በኅዳር ጤፉ ቆሞ ሳለ «ሰው ታሟልና ድረስ» ብትሉት እንዴት ይሆናል? ሥርዓቱ ሲለወጥ ገበሬ ማኅበሩ ተዳከመ፣ ወኪሉም አብሮት ጠፋ። ማንም አላባረረውም። የሚይዘው ነገር ስላልነበረ ሄደ እንጂ።

ቻይናም ከዚህ የተለየ አልገጠማትም። «ባዶ እግር ሐኪሞች» የተባሉት የገጠር ጤና ሠራተኞቿ በዓለም የታወቁ ነበሩ። ኑሯቸው የተመሠረተው በኅብረት እርሻው ላይ ነበር። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ የኅብረት እርሻው ሲበተን የገጠር ጤናውም አብሮ ወደቀ። ጎበዝ ሰዎች አልጠፉም ነበር። የጠፋው ከፋይ ነው።

እንግዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲመጣ አንድ ትልቅ ነገር ለወጠ። ለእያንዳንዱ ገጠር ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ በተቻለ መጠን ከዚያው አካባቢ የወጡ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ። አሥራ ስድስት ፓኬጅ ተሰጣቸው፤ ከመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ክትባት፣ ከቤተሰብ ዕቅድ እስከ ወባ። አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ሆኑ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሥራ ላይ ዋሉ። ለኔ ግን ትልቁ ነገር ፓኬጁ አይደለም። ትልቁ ነገር የመንግሥት ተቀጣሪ መሆናቸው ነው። ደመወዝ፣ ጡረታ፣ የወር ቀን ያለው ሥራ።

ይህ ቀላል ውሳኔ አይምሰላችሁ። ሕንድ በፈረንጆቹ 2005 አሻ የሚባሉትን የመንደር ጤና ሴቶች ስትጀምር በጎ ፈቃደኛ ናቸው አለች፤ በሠሩት ልክ ማበረታቻ ይከፈላቸዋል። ቁጥራቸው አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ዛሬም «ሠራተኛ በሉን» እያሉ ሰልፍ ይወጣሉ። ፓኪስታን በፈረንጆቹ ከ1994 ጀምሮ ያሠማራቻቸው የመንደር ጤና ሴቶች ቋሚ ሠራተኛ ለመባል በየአደባባዩ ጮኸው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገብቶበት፣ እስከ 2012 መጠበቅ ነበረባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ከሥራዋ ጋር የሚመጣጠን ክፍያና የጽሑፍ ውል ይገባታል ብሎ መመሪያ ያወጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው። እኛ ያንን ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ቀድመን ጀምረነዋል። አንዳንዴ ራስን ማመስገን አይከፋም።

ውጤቱስ? በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት 67 ደረሰ። ምስጋናውን ሁሉ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አልሰጥም። መንገዱ አለ፣ ትምህርት ቤቱ አለ፣ አጎበሩ አለ። ግን አጎበሩን ቤት ለቤት ያደለው ማን ነው?

አሁን ወደ ጤና ኬላው ልውሰዳችሁ። ተማሪዎች ይህን በደንብ ስሙኝ።

አንዲት እናት የስምንት ወር ልጅ አዝላ ትመጣለች። ልጁ ያስለዋል፣ ትኩሳት አለው። ኤክስቴንሽኗ «አረፍ በይ እታለም» ትላትና ልጁ ጭኗ ላይ ዝም እስኪል ትጠብቃለች። ካለቀሰ ቆጠራው ይበላሻል። ከዚያ ልብሱን ከፍ አድርጋ ደረቱን ታያለች። ሰዓቷን ይዛ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ዓመት ላለፈው፣ እስከ አምስት ዓመት፣ 40 እና ከዚያ በላይ። ፈጣን ከሆነና ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለ የሳንባ ምች ነው ብላ አሞክሳሲሊን ትጀምራለች። የመጀመሪያውን ኪኒን እዚያው በንጹሕ ውኃ አሟሙታ በማንኪያ እናትየዋ ራሷ እንድትሰጠው ታደርጋለች። ቤቷ ስትገባ እንዳይጠፋባት ነው። የአደጋ ምልክት ካየች ደግሞ ጊዜ ሳታጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች።

በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ፖሊሲው ሳይለወጥ በፊት ይህን ማድረግ አይፈቀድላትም ነበር። የአንድ ዓመት ሥልጠና ያላት ልጅ አንቲባዮቲክ ልትሰጥ ነው ሲባል ብዙ ሐኪም ግንባሩን አኮሳትሮ ነበር። አሁን ማንም አይከራከርም።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ቆጠረች፣ 58 አገኘች። መደርደሪያውን ዞራ ስታይ መድኃኒቱ የለም። «ጤና ጣቢያ ሂጂ» ትላታለች። ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እናትየዋ አንዴ ትሄዳለች። ሁለተኛ ጊዜም እንዲሁ ከሆነ፣ በሦስተኛው ጤና ኬላው ደጃፍ አትደርስም። ቀጥታ ከተማ ወርዳ ከግል መድኃኒት ቤት ትገዛለች፣ ወይ ቤቷ ትቀመጣለች። ያቺ ሠራተኛ በዚያ ቀን ደመወዟ አልተቋረጠም። ሥራዋ ግን ተቋርጧል። በመንደሩ ዓይን «ወሬ ብቻ» ሆናለች። ብዙ ሰው ሥራ የሚለቀው በደመወዝ ማነስ ብቻ ይመስለዋል። ባዶ እጅ ይዞ በሰው ፊት መቆም ከዚያ አያንስም።

ስለዚህ ነው ንግግሬን «ደመወዟ የኛ፣ ቦርሳዋ የለጋሽ» ያልኩት። ደመወዟ ከክልሉ ድጎማ በወረዳው በኩል ይከፈላል። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ታሪክ አለው። በወባ መድኃኒትና በአጎበር የዓለም አቀፉ ለጋሽ ተቋም የግሎባል ፈንድ እጅ ትልቅ ነው። በክትባት የጋቪ፣ የዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት። የማጠናከሪያ ሥልጠናው፣ የድጋፍ ክትትሉ መኪናና አበል፣ የሪፖርት ሥርዓቱ፣ ብዙው በፕሮጀክት ነው የቆመው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ድንገት ሲቆም ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ የጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። ኤክስቴንሽኗ ግን በቦታዋ ቀረች። ለምን? ውሏ ከኛ ጋር ስለነበረ ነው። ሊደግፋት በወር አንዴ ይመጣ የነበረው ባለሙያ ግን መምጣቱን አቆመ።

ፈረንጅን ለመውቀስ አይደለም። የሰጠ ይመስገን። ግን የሰው ገንዘብ የሰው ነው፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይተዋል።

አሁን ወደ ሰውየዋ ራሷ ልምጣ። ይህ ክፍል ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ፤ በሪፖርት ላይ የማይጻፈው እዚህ ስላለ ነው።

ስትቀጠር የአሥራ ስምንት፣ የሃያ ዓመት ልጅ ናት። አላገባችም። ቀበሌው ውስጥ ቤት ተከራይታ፣ ወይ ጤና ኬላው ጀርባ ባለች ክፍል ትኖራለች። ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ታገባለች። ባሏ ምናልባት አስተማሪ ነው፣ ወይ የግብርና ባለሙያ። እሱ ሌላ ወረዳ ይመደባል። እሷ ዝውውር ትጠይቃለች። መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «ምትክ ሲገኝ»። ምትክ አይገኝም። ቆላ ቀበሌ ውስጥ የምትሠራን ሴት ማን ወርዶ ይተካታል? ከደጀንና ከሸበል በረንታ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱትን ቀበሌዎች የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሙቀቱ፣ ወባው፣ ሽቅብ ሲመለሱ ያለው ዳገት። ሕፃን ይዛ፣ ባሏ ሌላ ከተማ፣ እናቷ ሩቅ። አንድ ሁለት ዓመት ትታገሣለች። ከዚያ አንድ ቀን ቁልፉን ለቀበሌው ጸሐፊ ትሰጥና ጠቅልላ ትሄዳለች። እንዲህ የወጣች አንዲት ጎበዝ ሠራተኛ አውቃለሁ። ዛሬ ከተማ ውስጥ ሸቀጥ ትሸጣለች። ስታገኘኝ «አሁንማ ልጄን በየቀኑ አየዋለሁ» አለችኝ። ምን ልበላት?

እኛ ደግሞ ሪፖርት ላይ «በራሷ ፈቃድ የለቀቀች» ብለን እንጽፋለን።

መፍትሔው ሰማይ ላይ አይደለም። ቆላ ቀበሌ ላይ የተመደበች ሠራተኛ መቼ እንደምትወጣ ውሏ ላይ ይጻፍላት። ከዚያ በኋላ ዝውውር መብቷ ይሁን፤ የኃላፊ ችሮታ አይሁን። ቀኗን የምታውቅ ሰው ትታገሣለች። የማታውቅ ሰው መሸሽ ትጀምራለች። በየዓመቱ ለምትክ የሚሆኑ ጥቂት ሴቶችን አስቀድሞ አሠልጥኖ መያዝም ይቻላል። ወጪው ያስፈራል ትሉኝ ይሆናል። አንዷ በወጣች ቁጥር አዲስ ከዜሮ ማሠልጠን፣ በመሃል ያለውን ባዶ ቀበሌም ጨምሩበትና አስሉት።

ሌላው የሥራ ሰዓቷ ነው። ጎጃም ውስጥ ቤት ለቤት መዞር መቼ ነው የሚቻለው? በእርሻ ወቅት ቤቱ ባዶ ነው። በአጨዳ ጊዜ ሰው አውድማ ላይ ነው። ሰው የሚገኘው በሰንበትና በበዓል ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ያን ቀን ነው እናቶችን ሰብስባ የምታስተምረው፣ ክትባት ያለፈውን ልጅ የምትፈልገው። ለሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ዕረፍት የሆነው ቀን ለሷ ዋናው የሥራ ቀን ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን የለም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ «ጤና ኬላው ተዘግቶ አገኘነው» ተብላ ትከሰሳለች።

የቀበሌ አመራሮች፣ አሁን ተራው የናንተ ነው፤ አትቀየሙኝ። ማዳበሪያ ሲመጣ እሷ ትመዘግባለች። ስብሰባ ሲጠራ እሷ ሰው ትቀሰቅሳለች። የጤና መድን ሲሰበሰብ እሷ ደረሰኝ ይዛ ትዞራለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር የኛው ደቡብ አቸፈር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ ነገሩ ጎጃም ላይ የቆየ ነው፣ ጠቃሚም ነው። ግን ገንዘብ የሰበሰበችው እሷ ስለሆነች፣ አባሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ሲያጣ ተመልሶ የሚቆጣው እሷን ነው። ያልሠራችው ጥፋት ዕዳ እሷ ላይ ይወድቃል። ብር መሰብሰቡን ለሌላ ሰው ስጡት። ክትባት የምትወጋ እጅ ደረሰኝ መቁረጥ የለባትም።

የሴቶች ልማት ሠራዊትንም ሳላነሳ አላልፍም። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የመጣ ነው፤ የመንደር ሴቶች ጎረቤቶቻቸውን ስለ ጤና እንዲያስተባብሩ የተደራጁበት፤ አንድ ለአምስት፣ ሠላሳ አባወራ በአንድ ቡድን። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሠርቷል፤ ነፍሰ ጡር የምትታወቀው በሠራዊቱ ነበር፣ ወላድ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወሰድ ያስተባበሩት እነሱ ናቸው። ግን አንዲት ብር አይከፈላቸውም። እነዚህ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ያርማሉ። ከዚያ ላይ «ሠራዊት ነሽ» ተብለው ስብሰባ ይጠራሉ። ዛሬ በብዙ ቀበሌ ዝርዝሩ መዝገብ ላይ አለ፣ ሰዎቹ ግን መምጣት ትተዋል። አልፈርድባቸውም። የጤና ወኪሉን ታሪክ ሴቶች ላይ ደገምነው እኮ።

ሁለት ሠራተኛ ለአንድ ቀበሌ የሚለውም ቀመር የኛን አገር አቀማመጥ አያውቅም። ከጮቄ ሥር ያለ ደጋ ቀበሌና የዓባይ ሸለቆ ቀበሌ አንድ አይደሉም። ደምበጫና ደብረ ኤልያስ ላይ ደግሞ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት አለ። እዚያ ያለች ሠራተኛ ጫማ፣ የእግር አጠባበቅ፣ ሳሙናና ቅባት ሥራዋ ነው። ቆላ ያለችው የወባ ምርመራ። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ዕቅድና አንድ ዓይነት ቅጽ መላክ የቢሮ ስንፍና ነው፤ ይቅር በሉኝ።

ስለ ሰላሙ ሁኔታ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ውስጡ ናችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አይደርስም፣ ደመወዝ ይዘገያል። በዚያ ሁሉ መሃል ጤና ኬላዋን የከፈተች ሴት ካለች፣ ከኔ ንግግር የበለጠ ታውቃለችና እሷን ጠይቋት።

በጥያቄ ሰዓት ከወረዳ ፋይናንስ የመጡ አንድ ወንድሜ «ሁሉም መልካም፣ ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?» አሉኝ። የሚገባ ጥያቄ ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። እኔ የጠየቅሁት ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይደለም። ሐምሌ 1 የሚጀምረው በጀት ሲጸድቅ ሦስት መስመር ብቻ ይግባበት። አንደኛ፣ ለአሞክሳሲሊን፣ ለተቅማጥ ለሚሰጡት ለኦ.አር.ኤስና ለዚንክ መጠባበቂያ የሚሆን ከወረዳው ኪስ የሚወጣ ብር፤ የለጋሹ ሲዘገይ መደርደሪያው ባዶ እንዳይሆን። እነዚህ መድኃኒቶች ውድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ከጤና ጣቢያ ወጥቶ በወር አንዴ ጤና ኬላ ለሚጎበኝ ባለሙያ የትራንስፖርትና የውሎ አበል። ሦስተኛ፣ የበዓል ቀን ሥራዋ እንደ ሥራ እንዲቆጠርላት። ዝውውሩማ ብርም አይጠይቅም። ደብዳቤ ነው የሚጠይቀው።

«ደረጃ አራት ያጠናቀቁትስ?» ያለችው ተማሪ ደግሞ ጥሩ ነገር አነሳች። ወደ ደረጃ አራት፣ ማለትም ከፍ ወዳለው የሙያ ሥልጠና ደረጃ፣ ማደጉ ብዙዎችን አበርትቷል። ግን ከዚያ በላይ ለመማር የሚከፈተው በር ጠባብ ነው። ስትማር ደግሞ ወደ ሌላ ሙያ ተሻግራ ጤና ኬላውን ትለቃለች። ከቀበሌው ሳትወጣ የምታድግበት ደረጃ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ለአምስቱ ጤና ኬላዎች አስተባባሪና አሠልጣኝ መሆን። ያ ሥራ ዛሬ ከጤና ጣቢያ በሚላክ፣ ብዙ ጊዜም ጤና ኬላ ውስጥ ሠርቶ በማያውቅ ባለሙያ ነው የሚሠራው። አሥር ዓመት ትንፋሽ የቆጠረች ሴት እያለች ለምን? የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች እዚህ አላችሁ፤ መልሱን ለልጅቷ እናንተ ስጧት፣ እኔ ልቀመጥ።